«በየቀያቸው ይቆዩ» ለሚሉት

የታክሲ ሰልፍ በረዘመ ቁጥር፣ የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር፣ ቧንቧው ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል በቀረ ቁጥር አዲስ አበባ ውስጥ ጥፋተኛው ይታወቃል፤ ከገጠር የመጣው ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት አዛውንት ይሉታል፤ በቴሌቪዥን መግለጫ የሚሰጠው ባለሥልጣን ይለዋል፤ ራሱ ከጥቂት ዓመት በፊት ሻንጣውን አንጠልጥሎ አውቶቡስ ተራ የወረደው ባለታክሲም ይለዋል። በሌላው ጉዳይ ሁሉ የማይስማማ ሕዝብ በዚህ ላይ ተስማምቷል። መፍትሔው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ገጠሩ ይልማ፣ ወጣቱ በየቀዬው ይቆይ፣ የመጣውም ይመለስ።

ምክሩ ቅን ይመስላል። ለገጠሩም ለከተማውም የሚያስብ ይመስላል። እኔ ግን የተሳሳተ ብቻ ሳይሆን የሚጎዳ ነው እላለሁ። ከተሞቻችንን ያሳመማቸው የመጣው ሰው ሳይሆን እንደሚመጣ እየታወቀ አንድም ዓመት ያልተዘጋጀለት ቦታ ነው። ጥፋቱን በመጤው ላይ እስካላከክን ድረስ የምንጠይቀው አካል እንዳይጠየቅ ሽፋን እየሆንነው እንኖራለን።

በመጀመሪያ ብዛቱን እንቁጠር። ኢትዮጵያ ከተሜ የበዛባት ሀገር አይደለችም። በከተማ የሚኖረው ከአምስት ሰው አንዱ፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ከሰሐራ በታች ባሉት የአፍሪካ ሀገሮች አማካዩ ከአሥር ሰው ከአራት በላይ ነው። «ገጠሩ ባዶ ቀረ» እየተባለ የሚለቀስባት ሀገር በአህጉሩ ገጠሬነቱ እጅግ ከጸናባቸው ሀገሮች አንዷ ናት።

አዲስ አበባስ? በ1987ቱ የሕዝብና ቤት ቆጠራ 2,112,737 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999ኙ ደግሞ 2,739,551። በዓመት ሲሰላ 2.1 በመቶ ገደማ ነው። በዚያው ዘመን የሀገሪቱ ሕዝብ ከ53.5 ሚሊዮን ወደ 73.8 ሚሊዮን ሲያድግ ዓመታዊ ፍጥነቱ 2.6 በመቶ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል አዲስ አበባ ያደገችው ከሀገሪቱ ዘግይታ ነው፤ በሕዝቡ ውስጥ የነበራት ድርሻም ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። «ጎርፍ» እየተባለ የተነገረለት ዘመን ይህ ነው።

«ቆጠራው አርጅቷል፤ ከተማዋም ወሰኗን አልፋ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ ደርሳለች» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ በ2011 ሊደረግ የነበረውም ተራዝሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው በዝቷል ብለን እንቀበል። ይህ ግን ክርክራቸውን አያድነውም። የቤት እጦቱ፣ የውኃ ፈረቃው፣ የሚያፈሰው የቀበሌ ቤት፣ ብዙ አባወራ በጋራ የሚሰለፍበት መጸዳጃ ቤት በእነዚያ ዝግ ባሉ ዓመታትም ነበሩ። ከተማዋ ከሀገሪቱ ዘግይታ እያደገች ሳለ ቤት ከጠፋ፣ ቤቱን ያጠፋው የሰው ብዛት ሊሆን አይችልም። ሌላ ምክንያት መፈለግ ግድ ነው።

ምክንያቱ ያለው መሬቱ ዘንድ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ መሬት በአመዛኙ በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለነበር አዋጁ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ሰጠ፤ ኪራይም ቀነሰ። መዘዙ የመጣው በኋላ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌው የሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ አያስቀይርም፤ ተከራዩም ቤቱ የእሱ አይደለምና አያድስም። ግለሰብ ከአንድ በላይ መኖሪያ ቤት እንዳይኖረው ስለተከለከለ የሚከራይ ቤት ልሥራ የሚል ጠፋ። አንድ ዋና ከተማ ሙሉ ትውልድ ለተከራይ የሚሆን ቤት ሳይጨመርባት አረጀች።

ከ1983 በኋላ ሊዝ መጣ። አዋጁ በ1986 ወጥቶ በ1994 እና በ2004 ቢሻሻልም መሠረቱ አልተነቃነቀም፦ ቦታ የሚያቀርበው መንግሥት ብቻ ነው፤ እሱም በጭልፋ ነው የሚያቀርበው። ጥቂት ቦታ ለብዙ ፈላጊ በጨረታ ሲወጣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። በእንዲያ ያለ ዋጋ የተገዛ ቦታ ላይ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ወይም አስተማሪ የሚከራየው ቤት አይሠራም። ስለዚህ ሌላው ሰው ወይ ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል፣ ወይ በሰው ጓሮ ያለች ሰርቪስ ይከራያል። የጨረቃ ቤቱ ዓመታት ከቆየ፣ መብራት ከገባለት፣ ዕድር ከተቋቋመበት በኋላ ግሬደር ይመጣበታል። በ2008 ሐና ማርያም አካባቢ፣ በ2011 ለገጣፎ የሆነው ይኸው ነበር። ሕገ ወጥ ሰፋሪ የሚፈጠረው ሕጋዊው በር ሲዘጋ ነው፤ በሩን የዘጋው ደግሞ ሰፋሪው አልነበረም።

ኮንዶሚኒየሙ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን ያየ አይክደውም። ነገር ግን በ1997 ተመዝግቦ የካቲት 2011 የወጣውን ዕጣ ሲጠብቅ 14 ዓመት የተቀመጠ ሰው አለ። በዚያ ዙር የወጡት ቤቶች 51,229 ነበሩ፤ ጠባቂው በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። ሐምሌ 2014 የወጣው የ14ኛው ዙር ዕጣ ደግሞ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከወሎ ወይም ከወላይታ የመጣው ልጅ የት ነው ያለው? የማንንም ቤት አልወሰደም። ለመመዝገብ የአዲስ አበባ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ያስፈልጋል፤ መሸኛውን ቢያመጣም በአድራሻው ላይ የሚመዘገብበት ቤት ያስፈልገዋል። ቤት ስለሌለው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ስለሌለው ቤት አይጠይቅም። እሱ ያለው ባላለቀ ፎቅ ሥር በጥበቃነት፣ ወይም ስድስት ሆነው በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው። ዕጣውን ያበላሸው ባለ ኮምፒውተሩ ሆኖ ሳለ ባለ ላስቲክ ጫማውን መውቀስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ቆሼ የተናደ ጊዜም ይኸው ታየ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። «ለምን እዚያ ሠፈሩ?» ተብሎ ተጠየቀ። እዚያ የሠፈሩት የከተማው ርካሽ ቦታ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ቆሻሻውንና ድሀውን በአንድ ቦታ ያገናኘው የቦታ ዋጋ ነው፤ ዋጋውን ደግሞ ያስወደደው እጥረቱን የፈጠረው አሠራር ነው።

ከተሜው በመጤው ላይ ያለው ቅሬታም ግማሹ ሐቀኛ አይደለም። የኮንዶሚኒየሙን ብሎኬት ተሸክሞ አምስተኛ ፎቅ ያደረሰው የቀን ሠራተኛ የመጣው ከገጠር ነው። ሕፃን ጥላ ቢሮ የምትገባ እናት ልጇን የምትተወው ከገጠር ለመጣች ልጅ ነው። ግቢውን የሚጠብቀው፣ በጉሊት ሽንኩርት የምታቀርበው፣ ጫማ የሚጠርገው፣ ጥራጥሬውን መርካቶ ላይ የሚያወርደው ሁሉ የመጣው ከዚያው ነው። በአንድ ቀን ተሰብስበው «እሺ፣ ቀያችን እንመለስ» ቢሉ አዲስ አበባ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አትቆይም። ከተማው እጃቸውን ይፈልጋል፤ አፋቸውን ግን አይፈልግም። ጉልበታቸው በቀን ይምጣ፣ ሲመሽ ደግሞ የት እንደሚያድሩ አንጠየቅ፤ ልጆቻቸውን የምታስተምር ትምህርት ቤት፣ የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ አይቆጠርብን የሚል ስሌት ነው።

ይህን የሚለው ከተሜስ ከየት መጣ? በ1879 እቴጌ ጣይቱ መርጠውት ከተማ ሲቆረቆር ቦታው ለነባሮቹ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ መምጣት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ ሠፈረ፤ ጉራጌው መርካቶን አደራጀ፤ ጎጃም በረንዳ፣ ወሎ ሰፈር፣ ጎፋ ሰፈር፣ አደሬ ሰፈር ማን መጥቶ እንደሠፈረባቸው በስማቸው ይናገራሉ። በ1999ኙ ቆጠራ እንኳ ከከተማው ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የተወለደው ሌላ ቦታ ነበር። ቀሪው ግማሽም ስለ አያቱ ቢጠየቅ ብዙ ሩቅ አይሄድም። ቀድሞ የመጣ ሰው ኋላ የመጣውን «መጤ» የማለት መብት የሚያገኘው በስንት ዓመቱ እንደሆነ የሚደነግግ ሕግ የለም። ያለው ሕግ ተቃራኒውን ይላል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመላ ሀገሪቱ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነጻነት አለው ይላል። መሸኛ አላለም።

አሁን ወደ ጠንካራው መከራከሪያ እንምጣ። «ማንም አይባረር፤ ነገር ግን ገጠሩን ብናለማው ራሱ አይመጣም ነበር» ይባላል። ገጠሩ መልማት አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። ይለማል ማለት ግን ሰው ይቀራል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት የተከፈተላት ቀበሌ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ታፈራለች፤ አሥረኛ የጨረሰ ልጅ ደግሞ ከበሬ ኋላ አይመለስም። መንገድ ሲገባ አውቶቡስ ይገባል፤ ስልክ ሲገባ አዲስ አበባ ያለው አጎት ይደውላል። ልማት እግር የሚያስር ሳይሆን እግር የሚፈታ ነገር ነው።

መሬቱም አይበቃም። የአንድ ገበሬ ቤተሰብ አማካይ ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ራሱ የልጅ አባት ሆኗል፤ የሚደርሰው መሬት ግን የአባቱ ማሳ ተቆርሶ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለአርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ መሬቱን መሸጥ መለወጥ ግን ከልክሏል። የመጀመሪያው ቃል መሬት ስለሌለ አይፈጸምም፤ ሁለተኛው ግን በየቀኑ ይፈጸማል። ከዚህም በላይ በተለያዩ ክልሎች የወጡ ሕጎች ከቀዬው ርቆ የቆየ ሰው ይዞታውን ሊነጠቅ የሚችልባቸው አንቀጾች ነበሯቸው። ገበሬው መሬቱን ሸጦ በጥሪት ከተማ መግባት አይችልም፤ አከራይቶ በሰላም መራቅም ያስፈራዋል። ስለዚህ የሚመጣው ባዶ እጁን ነው፤ ወይም ሚስቱንና ልጁን መሬቱን እንዲጠብቁ ትቶ ግማሽ ቤተሰብ ሆኖ ነው። ከዚያ ከተሜው «ድሀ መጣብን» ይላል። ድሀ አድርጎ የሚልከው ሕግ መኖሩን ግን አይጠይቅም።

የመሬቱ ጥበት በቁጥርም ይታያል። ከሠራተኛው ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማው በግብርና ላይ ነው፤ ግብርናው ግን ከሀገሪቱ ጠቅላላ ምርት የሚያስገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ሲሰላ ከግብርና ውጪ ያለ አንድ ሠራተኛ በአማካይ የገበሬውን አራት እጥፍ ያህል ያመርታል። ልዩነቱ የገበሬው ስንፍና አይደለም፤ በጠባብ መሬት ላይ የተከማቸ የሰው ብዛት ነው። ስለዚህ ከማሳው የሚነሳው ወጣት ለቀረው ወንድሙ ቦታ ይለቅለታል፤ ከተማ ገብቶ ደግሞ የወንድሙን ጤፍ፣ ሽንኩርትና ወተት የሚገዛ ሰው ይሆናል። ገበሬ ያለ ገዢ አይበለጽግም። ገዢው ያለው ከተማ ነው።

«በየቀያቸው ይቆዩ» የሚለው ምክር ደግሞ ያልተሞከረ ሐሳብ አይደለም። ደርግ ሞክሮታል። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ መንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነበር፤ በከተማ ራሽንና ቤት በቀበሌ ተይዘው ለአዲስ ገቢ አልተረፉም፤ ገበሬው በመንደር ምሥረታ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ 600,000 ያህል ሰው ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ገጠር ተወሰደ። ሰው ይነሣ ሲባልም የሚነሣው ከገጠር ወደ ገጠር ነበር። የተገኘው ውጤት ይታወቃል፤ ገጠሩ አልበለጸገም፣ ከተማውም አላማረበትም። ከ1997 ወዲህ ደግሞ የገጠሩ ሴፍቲኔት በአንዳንድ ዓመት እስከ ስምንት ሚሊዮን ሰው ደግፏል። ነፍስ አድኗል፤ አይነቀፍም። ነገር ግን መሬቱ ሊመግበው ያልቻለውን ሰው በዚያው መሬት ላይ በዕርዳታ ማቆየት የልማት ስልት ሆኖ ሊኖር አይችልም።

በሀገሩ ከተማ በር የተዘጋበት ወጣት ደግሞ ተመልሶ ቀዬው አይቀመጥም። ባሕር ያቋርጣል። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል የመን፣ ከየመን ሳዑዲ የሚሻገረው ማን ነው? በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ሀገር አለቀሰ። ካለቀሱት መካከል ግን «ይህ ልጅ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አንድ ክፍልና አንድ ሥራ አግኝቶ ቢሆን ይሄድ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ሰው መሄዱ አይቀርም። የሚመረጠው ወደ ሀገሩ ከተማ ይሂድ ወይስ ወደ ሰው ሀገር በረሃ የሚለው ነው።

ከሁሉም የተረሱት ሴቶቹ ናቸው። በ1999ኙ ቆጠራ የአዲስ አበባ ሴቶች ከወንዶቹ ከ120,000 በላይ ይበልጡ ነበር። ከእነዚህ መካከል በልጅነታቸው ሊዳሩ ሲሉ ወይም ተድረው ከሸሹበት ቀዬ የመጡ አሉ። ሥራቸው ከባድ፣ ደሞዛቸው ትንሽ፣ አሠሪያቸው አንዳንዴ ክፉ ነው። ቢሆንም ማታ ትምህርት የመማር፣ ዕቁብ የመግባት፣ ባል የመምረጥ ዕድል ያገኙት እዚህ ነው። «በየቀያችሁ ቆዩ» ለእነሱ ምን ማለት እንደሆነ የሚመክሩት ሰዎች አስበውት አያውቁም። የሕዝብ ብዛት ያስፈራኛል የሚል ሰው ደግሞ ይህን ይመልከት፦ በ2008 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2 ልጅ ስትወልድ የአዲስ አበባዋ 1.8 ነበር የምትወልደው። ከተማዋ በራሷ ልጆች ብቻ ብትቀር ትመነምናለች። የሕዝብ ዕድገትን ከየትኛውም ዘመቻ ይልቅ ያረጋጋው የከተማ ኑሮ ነው።

«ሥራ የለም» የሚለው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሥራ ጥቂት ነው፤ ያለውም ክፍያው አያጠግብም። በ2008 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከገጠር ሲጠራ መነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አሳይቷል። ልጆቹ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ይከራዩ ነበር፤ ከደሞዛቸው የሚተርፍ ሲጠፋ ሥራውን ጥለው ይሄዱ ነበር። ይህ ግን ለእኔ ክርክር ነው የሚመሰክረው። ዕቅዱ የፋብሪካ ሼድ ሲሠራ መኝታ ቤት ረሳ። መንገድ፣ ውኃና መብራት ለማሽኑ ሲደርስ ማሽኑን ለምታንቀሳቅሰው ልጅ የሚከራይ ቤት የሚሠራበት ቦታ አልተዘጋጀም። የልጆቹ መምጣት ሳይሆን ማደሪያቸው ሳይታሰብ መጠራታቸው ነው ስሕተቱ።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ እውነት ያለበት በከተሞች ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚያነሣው ነው። «ከተማ ሲያድግ እኔ እጠፋለሁ» ይላል፤ ጠፍቷልም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሣ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። መሬቱ የሚተመነው በጤፉ ነው፤ የሚተላለፈው ግን በከተማ ቦታነቱ ነው። ልዩነቱን የወሰደው ገበሬው አይደለም። የልማት ተነሺው ልጅ አባቱ ባረሰበት ቦታ ላይ የተሠራ ሕንፃ ጥበቃ ሆኖ ሲቀጠር ታይቷል። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ያን ሁሉ ተቃውሞና ደም ያስከተለው በዚህ ምሬት ላይ ስለወደቀ ነው፤ ጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣውን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ አሳድጎታል፤ ትመናው ግን አሁንም በሰብሉ ነው።

ይህን ግፍ አልክድም። ግን የግፉ ባለቤት ማን ነው? የገበሬውን ማሳ የወሰደው ከወላይታ የመጣው ሊስትሮ አይደለም። ቪላ ነው፤ ሪል ስቴት ነው፤ ታጥሮ ዓመታት ሥራ ያልጀመረ የኢንቨስትመንት ቦታ ነው፤ የአበባ እርሻ ነው፤ ቀድሞ ከተማ ውስጥ ለነበረ ተመዝጋቢ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። ሁለቱ ድሆች፣ መሬቱን ያጣው የዙሪያው ገበሬና መሬት አጥቶ የመጣው የሩቁ ገበሬ ልጅ፣ እርስ በርስ ሲወቃቀሱ ቦታውን በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚያስተላልፈው መሀል ሆኖ ይታዘባል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ምክሩ ልብስ ቀይሮ መጥቷል። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም የፒያሳና የካዛንቺስ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት የሚጠላ የለም፤ የሚያፈስ የቀበሌ ቤት የሚናፍቅም የለም። ነገር ግን የፈረሰው ቤት ብቻ አይደለም። በርካሽ የሚከራይ ክፍል፣ በአንድ መደብ የሚጀመር ንግድ፣ ከሥራ ቦታ በእግር የሚደረስበት አድራሻ አብሮ ፈርሷል። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲወሰድ ትርፉ የታክሲ ወጪ ነው፤ ደንበኛውን ያጣ ጀማሪ ነጋዴ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይነሣል። ከተማን ከድሀ በማጽዳት ማስዋብና ድሀን ከገጠር እንዳይመጣ መምከር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም ድሀ ከዓይን ከራቀ ድህነት የቀነሰ ይመስላቸዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ መሸኛ ይቅር። ሰው በሚኖርበት ቦታ ይመዝገብ፤ የተመዘገበ ሰው ለከተማው ሸክም ሳይሆን መረጃ ነው፤ ስንት ክፍልና ስንት ቦኖ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው በእሱ ነው። የቀረው ቆጠራም ይካሄድ። ቀጥሎ ቦታ ከሰው ቀድሞ ይዘጋጅ። ይህ ሕልም አይደለም፤ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳና መቀሌ በ2005 አካባቢ የወደፊት ዋና ዋና መንገዶቻቸውን መስመር ቀድመው የማስያዝ ሥራ ጀምረው ነበር። ለመንገድ የሚሆን መስመር ቀድሞ ከተያዘና ትንንሽ ቦታ በብዛት ከቀረበ ሰው ቤቱን ራሱ ይሠራል፤ ኢትዮጵያዊ ቤት መሥራት ከመንግሥት አልተማረም። የሚያስፈልገው ሌሊት ተደብቆ ያቆመውን ቤት ቀን በሕግ እንዲያቆመው መፍቀድ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚከራይ ቤት ይሠራ። ገና የመጣ ሰው የሚፈልገው 20 በመቶ ቆጥቦ ዕጣ የሚጠብቅበት ኮንዶሚኒየም አይደለም፤ ለወር የሚከፍልበት ንጹሕ ክፍል ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ያለውን ተከራይ ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ ይሞክራል፤ አንድ ተጨማሪ ክፍል ግን አይሠራም። አራተኛ፣ ገበሬው ወደ ከተማ ስለሄደ ይዞታውን አይጣ፤ አከራይቶ ይሂድ፣ ካልሆነለት ይመለስ። የከተማ ዳር ገበሬም ካሣ ተቀብሎ የሚባረር ሳይሆን ከማሳው ከሚሸነሸነው የከተማ ቦታ ድርሻውን የሚያስቀር ይሁን፤ ያኔ ከተማው ሲያድግ እሱም ያድጋል።

አምስተኛ፣ አዲስ አበባ ብቻዋን አትሁን። በ1999 ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ድሬዳዋ የአዲስ አበባን አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላችም ነበር። የመጨናነቁ መድኃኒት ያለው ከተሞችን በማብዛት ነው። ደብረ ብርሃን፣ ሻሸመኔ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ነቀምቴ፣ ኮምቦልቻ የራሳቸውን ገቢ ሰብስበው በራሳቸው የሚያዙበት አቅም ያግኙ። የገጠሩ ልጅ ከቤቱ በሁለት ሰዓት መንገድ ሥራ ካገኘ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት አያስፈልገውም፤ የሚያቆመው ምክር ሳይሆን የቀረበ ከተማ ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ትንበያ በ2004 15.2 ሚሊዮን የነበረው ከተሜ በ2029 42.3 ሚሊዮን እንደሚሆን ይናገራል። ጊዜው ሩቅ አይደለም፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ አሁን ተወልደዋል። የሚመጣውን ሰው ለማስቆም የሞከረ መንግሥት በታሪካችን ኖሯል፤ አልቻለም። የሚመጣውን አስቀድሞ ቆጥሮ ቦታ ያዘጋጀለት መንግሥት ግን እስካሁን አልኖረንም። ባለሥልጣኖቻችንን ከእንግዲህ መጠየቅ ያለብን ስንት ሰው እንዳስቀሩ ሳይሆን ለስንት ሰው ቦታ እንዳዘጋጁ ነው።